የእናቴ ሙሾ በጊታር

አልበሙ የወጣ ዕለት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከኔ በላይ የጓጓ ሰው አልነበረም። ከተማው ስለ አልበሙ ያወራ የነበረው «የኛ ልጅ አለበት» ብሎ እንጂ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ወዶ አይደለም። እኛ አገር ጊታር እንደዚያ ሲጮህ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስፒከሩ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ያን ጩኸት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ አስቀድሳለሁ፤ በአዘቦት ቀን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስሄድ የሚያዩኝ ተማሪዎቼ መዝሙር የምሰማ ይመስላቸዋል። አስተባብዬም አላውቅም።

አልበሙን የሠሩትን ሬዲዮ ላይ «ሱፐር ግሩፕ» አሏቸው። ከአራት ስመ ጥር ባንዶች አራት ዋና ዋናዎቹ ወጥተው አንድ ላይ የሠሩት የመጀመሪያ አልበም መሆኑ ነው። ድምፃዊው፣ ድራመሩና ቤዝ ተጫዋቹ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ የኛ ነው። የኛ ስል የመንዝ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ የኛ ቤት ማለቴ ነው። የቤታቸው አጥር ከአጥራችን ይዋሰን ነበር፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል፤ እናቴ ምሳ ስታቀርብ ሦስታችንን ሳትለይ ነበር። እኔ ታላቅ እህታቸው ስለሆንኩ አለቃቸው ነበርኩ።

ሮክን ያመጣብን አንድ ተከራይ ነው። የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትርፍ ክፍል ተከራይቶ ከረመና ሲሄድ አንድ ሚሞሪ ካርድ ትቶልን ሄደ። ውስጡ ያለው ሁሉ ጊታር ነው። ቋንቋው አይገባንም፤ ዘፋኞቹ የተቆጡ ሰዎች እንደሆኑ ግን ገብቶናል፤ በዚያ ዕድሜ ይኸው ይበቃል። ጓደኛችን ከየትም ፈልጎ አሮጌ ጊታር ተዋሰ። ወንድሜ ድራም ስላልነበረው ያገኘውን ሁሉ ድራም አደረገው። ጀሪካኑን፣ ጎታውን፣ የበላበትን ሳህን፣ ከሁሉም ይልቅ የቤታችንን በር። በራችን ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ አያንኳኳም፤ ይጫወታል። መጀመሪያ በመዳፉ ወፈር አድርጎ፣ ከዚያ በጣቶቹ ቶሎ ቶሎ፣ መጨረሻ ላይ በክርኑ አንድ ጊዜ። እናቴ ከውስጥ «ተው አንተ ልጅ፣ በሬን ገደልከው!» ትላለች። እሷ ይህን ሳትል አይገባም ነበር። እስክትል ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ጓደኛችን ጊታሩን ይዞ አዲስ አበባ ሊኖር ሲሄድ እናቴ የበግ ጠጉር ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ባና ሰጠችው። ባና ለማያውቅ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ጥቁር ልብስ ነው፤ የመንዝ ብርድ የሚፈራው እሱን ብቻ ነው። «ብርድ ሲመታህ እዚያም አገር እናት አለችኝ በል» አለችው። እሱም ጉልበቷን ስሞ ሄደ። ቆየት ብሎ ቤተሰቦቹም ቤታቸውን ሸጠው ተከተሉት።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልናገር። እናቴ አልቃሽ ናት። እንጀራዋ አይደለም፤ ግን ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት እሷ ካልደረሰች ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም። ቁጭ ብላ ሟቹን በቃል ታስነሳዋለች። በዚህ ነገር ላይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ሙሾ ያለ ሟች አይወርድም። የአንዱ ሙሾ ለሌላው አይሰጥም። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ፣ ለጨዋታ፣ ሙሾ ያወረደ ሰው ሞትን በስሙ ጠራው ማለት ነው። ልጆች ሆነን የሞተች ጫጩት ቀብረን እያስመሰልን ስናለቅስ ደርሳብን፣ በልምጭ ሦስታችንንም ዠልጣናለች። ጓደኛችንም የድርሻውን ቀምሷል። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም።

ሌላም ልማድ አላት። መንገድ ስትሄድ የለቅሶ ድምፅ ከሰማች ማን እንደሞተ አትጠይቅም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ታዘቀዝቃለች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ትገባለች፤ ታለቅሳለች፤ የሟቹን ስም የምትሰማው ከተቀመጠች በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ሞላሌ ገበያ ደርሰን ስንመለስ እንዲሁ የማናውቀው ሰው ቤት ገብተን አምሽተናል። ስነጫነጭባት «ስሙን ጠይቄ፣ መርጬ ነው የማዝን?» ብላ ገላመጠችኝ።

ወንድሜ የሞተው ዓምና፣ ገብስ በሚታጨድበት ወር ነው። ታመመ፤ ደብረ ብርሃን ወሰድነው፤ ሬሳውን ይዘን ተመለስን። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ጓደኛችን ለቀብሩ ደረሰ። ያን ባና ለብሶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እጄን ያዘኝ። እናቴ ስትገባ ሰው ሁሉ ለራሷ ልጅ ቃል ታጣለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ደረቷን ይዛ ቆመችና እንዲህ አለች፦

የጎረቤት ገብሱ ዘንድሮም ሰመረ፤
የኔው እሸት፣ ልጄ፣ ውርጭ መቶት ቀረ።

ሰው ተንሰቀሰቀ። ቆየት አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦

በሩን ስትመታው «ተው» እል ነበረ፤
እጅህ ዝም አለና ቤቴ ደነቆረ።

ያን ጊዜ ጓደኛችን ከባናው ስር ስልኩን ይዞ እንደነበር አይቻለሁ። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም። ከአርባው በኋላ የቀዳውን የእናቴን ድምፅ በቴሌግራም ላከልኝ። «እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው፤ ላንቺ ብቻ» ይላል። ምን ያህል እንዳመሰገንኩት! እኔ በዚያ ሰዓት ያላሰብኩትን እሱ አሰበልኝ ብዬ አለቀስኩ። ቤት ውስጥ ግን እናቴን ፈርቼ አላዳመጥኩትም። ልቤ ሲከፋ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ እሄድና በማዳመጫ እሰማዋለሁ። ጨርሼ ዓይኔን ጠርጌ ክፍል እገባለሁ።

አልበሙንም ያዳመጥኩት እዚያው ቦታ ነው። የአልበሙ ፎቶ ላይ አራቱም ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል፤ የኛው ልጅ ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ፎቶውን ሳይ ሳቅኩ፣ ኮራሁም። ለእናቴ ላሳያት ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጫጫታ ነው። አራቱም የየባንዳቸው አውራ ነበሩና ማንም ለማንም አይለቅም። የየቤቱን ቀኝ በሬ መርጦ አንድ ላይ እንደማጥመድ ነው፤ ማሳው የሚታረሰው ግራ የሚሆንም ሲገኝ ነው። ሁለተኛው ላይ ድምፃዊው ሲጮህ ሌሎቹ ሊያስንቁት ይጮሃሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ሰከኑ። የኛው ልጅ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ፤ ጊታሩ እንደ ሰው ሲቃ ይይዘዋል። እዚያ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ አሮጌ ጊታር፣ ያ ግቢ፣ ያ ሚሞሪ ካርድ የት ደረሰ አልኩ። ወንድሜ ቢሰማ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

መሐል ላይ አንድ ዘፈን በድራም ይጀምራል። መጀመሪያ ወፈር ያለ ምት፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ የሚል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ። ደነገጥኩ። የቤታችን በር ነው። ይህን ምት ድራመሩ ከየትም ሊያውቀው አይችልም፤ ጓደኛችን አስተምሮት ነው። ልቤ በደስታ ዘለለ። ለወንድሜ መታሰቢያ ሠራለት አልኩ። ቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር ብዬ ትንሽ ተቀየምኩ፣ ወዲያው ደግሞ ይቅር አልኩት። ከዚያ ድምፃዊው ገባ፦

በሩን ስትመቺው ቆሜ እሰማ ነበረ፤
እጅሽ ዝም አለና ቤቴ ደነቆረ።

ዜማው የእናቴ ነው። ድምፅዋ ዝቅ የሚልበት ቦታ ሳይቀር የእናቴ ነው። ቀጥሎ አራቱም አንድ ላይ «ነይልኝ የኔ ማር፣ ነይልኝ ቶሎ» እያሉ ያስጨፍራሉ። የኔ ወንድም ሙሾ ላይ ሴት ይጠሩበታል። ወንድሜ የት አለ ብትሉ፣ የለም። ሟቹን አውጥተው ጥለው ልብሱን ለሌላ አልብሰውታል። ዘፈኑ ስር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። እናቴን ነው ሕዝብ ያሏት! ሕዝብ ስለ ወንድሜ ምን ያውቃል? ሕዝብ ነው በር ላይ ቆሞ «ተው» ያለው?

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። ከፈረስ ሲወድቁ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። የቀሩትን ዘፈኖች አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬም አልሰማኋቸውም።

ደወልኩለት። ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። «ሰማሽው? እንዴት ነው?» አለኝ፤ አስቡት።

«የእናቴን ሙሾ ለምን ወሰድክ?» አልኩት።

«ለሱ ብዬ ነው እኮ። ለመታሰቢያ» አለኝ።

«እሱ የታለ? እኔ አንዲት በር የምትመታ ሴት ነው የሰማሁት።»

«እህቴ፣ እኔም እንደዚያ አልነበረም ያሰብኩት። የባንዱ ልጆች ሐዘን ሰው አይሰማልንም አሉ። ትንሽ ቀየርነው። ዋናው ስሜቱ አለ አይደል?»

«ላንቺ ብቻ ብለህ ነበር የላክህልኝ።»

«ድምፁን ለማንም አልሰጠሁም፤ እውነቴን ነው። በቃሌ ነው ያስጠናኋቸው» አለኝ። ይህን ሲል እንደ ትልቅ ታማኝነት ቆጥሮታል። ስልኩን ዘጋሁበት። ልጁ መዋሸት እንኳ አያውቅም፤ ይኸ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ድንኳኑ ውስጥ እጄን ይዞ ሲያለቅስ እንባው የእውነት ነበር። በሌላው እጁ ግን ስልኩን ይዟል።

ከዚያ በኋላ የቀረችኝ ጉዳይ አንዲት ናት፤ እናቴ እንዳትሰማ። ቀላል አልነበረም። ከተማው ከአልበሙ ውስጥ መርጦ የወደደው ያንኑ ዘፈን ነው። ባጃጁ እሱን ይዞ ይዞራል፤ ፀጉር ቤቱ እሱን ከፍቶ ይውላል፤ ተማሪዎቼ ዴስኩን በመዳፍ፣ በጣት፣ በክርን እየመቱ ይጠብቁኛል። «መምህር፣ ጓደኛሽ እኮ አኮራን» ይሉኛል። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ስለመጣ ከቤት ብዙም አትወጣም፤ ለዚህ ስል በድካሟ ደስ ያለኝ ቀን ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ቤት ውስጥ ያለችውን ሬዲዮ ባትሪዋን አውጥቼ «ተበላሸች» አልኩ። ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ የልጅ ነው።

ግን ያን ዓይኗን ማሳከም ነበረብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ደብረ ብርሃን ልወስዳት ሚኒባስ ተሳፈርን። ስንመለስ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን ብላ የኔንም ነጠላ ቦርሳዬ ውስጥ አስከትታኛለች። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሞላሌን እስክናልፍ ደህና ነበር፤ ሾፌሩ ዜና እየሰማ ነበር የሚነዳው። ከዚያ ረዳቱ ስልኩን ከቴፑ ጋር አገናኘና ያ ምት መጣ። በመዳፍ ወፈር አድርጎ።

«ወንድሜ፣ ቀንሰው እባክህ» አልኩት።

«እንዴ መምህር! የኛ ልጅ እኮ ነው!» ብሎ ጭራሽ ጨመረው። ከኋላ ያሉት ልጆች መዝፈን ጀመሩ። አንዱ ለጎኑ ሰው «ጊታሩን የሚጫወተው የመሐል ሜዳ ልጅ ነው፤ ባና ለብሶ ፎቶ የተነሳው» እያለ ያስረዳል።

እናቴን ማየት አልቻልኩም። በመስኮቱ የጅብራውን ተክልና የታጨደውን ማሳ አይ ነበር። ሳልወድ ስዞር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቀዘቀችው። ጥለቱን አንገቷ ላይ አደረገች።

«ማን ሞተበት?» አለችኝ።

«ማን?» አልኩ፤ ገብቶኛል እኮ።

«ይኸው የሚያወሩለት ልጅ ነዋ። የኛው። ማን ሞተበት?»

«ዘፈን ነው እማዬ።»

«ዘፈን ነው ትለኛለች! ቃሌ ይጠፋኛል እንዴ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምስኪን። የራሱ ቃል ቢጠፋው ነው የኔን የወሰደው። ሐዘን እንዲህ ሲጠና ሰው አፉ ይታሰራል። እናቱ ትሆን? ውይ የኔ ጎረቤት! እንዴት ሳይነግሩን ይቀራሉ? ደውይልኝ።»

«እማዬ፣ ስንደርስ...»

«ደውይልኝ አልኩ! ለቅሶ ሰምቼ ዝም ብዬ ልሂድ?»

ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አሁን ሳስበው፣ ከኔ ይልቅ ከሷ ይስማው ብዬ ይመስለኛል። የኔ ቁጣ አልገባውም። እናቴ ወደ ረዳቱ ዞረችና «አንተ ልጅ፣ እስቲ ዝጋው፤ ለቅሶ ልደርስ ነው» አለችው። ረዳቱ ደንግጦ ዘጋው። እሷ እንድትሰማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት፤ ሰው ሁሉ ይሰማል።

«እንደምን አደርክ ልጄ?» አለችው።

«እማማ! እንደምን አደሩ? እንዴት ነዎት?»

«ሰማሁህ። እዚህ መኪና ላይ ሰማሁህ። እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ። ማን ሞተብህ? እናትህ ናት?»

«እናቴ ደህና ናት እማማ» አለ።

«ተመስገን! ታዲያ ማን ነው?»

«ማንም... ማንም አልሞተብኝም።»

እናቴ ግራ ተጋባች። ስልኩን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አደረገችው። «ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሰው?»

«ለልጅዎ ነው እማማ። ለሱ መታሰቢያ ብዬ ነው።» አላዘንኩለትም።

የእናቴን ፊት አየሁት፤ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲገባት። ስትናገር ቁጣ የለባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«የኔ ልጅማ ተለቅሶለታል» አለችው። «እኔ አልቅሼለታለሁ። አንተም ነበርክ። በል ደህና ዋል።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ረዳቱ ቴፑን መልሶ አልከፈተውም፤ ከኋላ ያሉት ልጆችም አንገታቸውን አቀርቅረዋል። ብዙ ከሄድን በኋላ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ መሆኑን አየሁ። ረስታው መሰለኝ።

«እማዬ፣ ማንም አልሞተም አለሽ እኮ። ነጠላሽን አስተካክይው» አልኳት።

በደከመ ዓይኗ ፊቴን ፈልጋ አየችኝ።

«ጓደኛ አልነበረሽም ወይ?» አለችኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ነጠላዬን አወጣሁና አዘቀዘቅኩት።